የኦቦ ተረፋ ዘጠኝ ደብተሮች

አዜብ ሥራ አስኪያጅ ሆና ነቀምቴ ከመጣች ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር። አባቷ እዚሁ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሠፈር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን አዲስ አበባ ስላደገች ኦሮምኛዋ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ጠዋት ቢሮ ስትገባ "አከም ቡልተኒ?" ትላለች፣ "ነጋ" ይሏታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ በአማርኛ ይሆናል። ድርጅቱ ትንሽ የግል ድርጅት ነው። በነቀምቴ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የውሃ መስመር ይዘረጋል፣ የተዘረጋውንም ይጠግናል። አሥራ አንድ ሠራተኞች አሉት፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ አይነጋገሩም።

አንዱ ኦቦ ተረፋ ናቸው። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው በልክ የሆነ ሰው ናቸው። ድርጅቱ ከመቋቋሙ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው በወለጋ ከተሞች ቧንቧ ሲቀብሩ ኖረዋል። ሌላዋ አሜን ናት፤ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የውሃ ኢንጂነር። ታብሌት ይዛ በየመንገዱ ትዞራለች፤ ከመሬት በታች ያለውን ቧንቧና ውሃ የሚዘጋበትን ቫልቭ ሁሉ በካርታ ላይ ለማስፈር ትለፋለች። ለጥገና ሠራተኞቹም በታብሌቱ ላይ የሚሞላ ፎርም ሠርታላቸዋለች። ሁሉም ይሞላሉ። ኦቦ ተረፋ አይሞሉም።

አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ነገሩ ፈነዳ።

"አምስት ወር ሙሉ አንድ ፎርም አልሞሉም" አለች አሜን። "ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።"

"ጽፌዋለሁ" አሉ ኦቦ ተረፋ።

"የት ነው የጻፉት?"

"ጽፌዋለሁ አልኩሽ እኮ።"

ከወጣቶቹ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ኦቦ ተረፋ ወደ እሱ አልዞሩም፤ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት አዜብ ቢሮ በር ላይ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ደረሱ። ከጆንያው ውስጥ ዘጠኝ ደብተር አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ደረደሩ። አንዳንዱ ሽፋኑ ተገንጥሎ በክር ተሰፍቷል፤ አንዱ ጭቃ ጠጥቶ አብጧል።

"ከሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የሠራሁት ሁሉ እዚህ አለ" አሏት። "አሁን ደግሞ የቀረኝን ፈቃድ ልውሰድ። ቢላ ከተማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ።"

አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አዜብ ፈረመችላቸው። ስትፈርም ጥሩ የሠራች መስሏት ነበር፤ ሁለቱም ትንሽ ይብረድላቸው፣ ሲመለሱ እነጋግራቸዋለሁ ብላ አሰበች። እውነቱን ለመናገር፣ የተጣሉ ሰዎችን ማነጋገር እንዴት እንደሚጀመርም አላወቀችም። እሷ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አሜን ስትናገር ልክ ናት ትላለች፤ ኦቦ ተረፋ ሲናገሩም ልክ ናቸው ትላለች።

ደብተሮቹን አሜን ወሰደቻቸው። ሁለት ቀን ቆይታ መልሳ አመጣቻቸው።

"አዴ አዜብ፣ ይሄስ የእርስዎ ሥራ ነው" አለች። "በአማርኛ ነው የተጻፈው። እኔ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ነው የተማርኩት። የሱቅ ስም አነባለሁ፣ መልእክት ቢላክልኝ እንደምንም አነባለሁ። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንልኝም።"

አዜብ ከላይ ያገኘችውን ሰማያዊውን ደብተር ገለጠች። ጽሑፉ ያምራል። ፊደሎቹ ተለቅ ተለቅ ያሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፤ አንድም የሚያሳስት ፊደል የለም። ግን ምንም አልገባትም። በገጹ ራስ ላይ "ጉቴ" ይላል፤ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ያለችውን ከተማ ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዚያ በታች ያለው ግን "ገረ ገዲ"፣ "ኢራ"፣ "ጀላ"። አንድ የምታውቀው ቃል አገኘች፤ "ደጋ" ይላል። በቧንቧ ደብተር ውስጥ ደጋና ቆላ ምን ያደርጋል? ደግሞ ከ"ደ" አናት ላይ ትንሽ ሰረዝ አለች፤ የቀለም ጠብታ ትሆናለች ብላ አለፈቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ከቦርሳዋ አልወጣም። ምሳ ሰዓት ላይ ታወጣውና ትመለከተዋለች። የድሮ ባለሙያ ሙያውን ይደብቃል ሲባል ስለሰማች፣ ኦቦ ተረፋም የራሳቸውን ምስጢራዊ ቋንቋ የፈጠሩ መሰላት። በወረቀት ላይ ቃላቱን እየገለበጠች ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ ቆጠረች። "ጀላ" በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ስድስት ጊዜ አለ። "ለመ" ደግሞ አራት ጊዜ። ለማ ለማለት ይሆናል፤ የሰው ስም ነው። ጀላም የሰው ስም መሆን አለበት። ስለዚህ ጀላና ለማ የሚባሉ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው።

የቧንቧ ሠራተኛውን ኢቢሳን በረንዳ ላይ አግኝታ ጠየቀችው። "ድሮ እዚህ ጀላ የሚባል ሠራተኛ ነበር?"

ኢቢሳ አሰብ አደረገ። "ጀላ? እኔ አላውቀውም። ከእኔ በፊት ይሆናል።"

"ለማስ?"

"ለማ ብዙ ነው፣ አዴ። የትኛው ለማ?"

ይህ በሆነ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ጉቴ ውስጥ መንገድ የሚያሰፋ ኤክስካቫተር ዋናውን የውሃ መስመር በጠሰው። አሜንና ኢቢሳ በፒክአፑ ሲነሱ አዜብም አብራቸው ገባች። ደርሰው ሲያዩ ውሃው ከመንገዱ መሀል የሰው ቁመት ያህል እየዘለለ ነበር፤ ልጆች ይታጠቡበታል፣ እናቶች ጀሪካን ይዘው ከብበውታል፣ ከዳገቱ በታች ያለው ሠፈር ጭቃ ሆኗል።

ቧንቧው እንዲጠገን ውሃው መዘጋት አለበት። በአሜን ካርታ ላይ የሚታየው ቫልቭ ከታንከሩ ሥር ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋ ከተማው በሙሉ ይደርቃል፤ ክሊኒኩም ይደርቃል።

"መሀል ላይ አንድ ሌላ መኖር አለበት" አለች አሜን። "ይህን ያህል ርቀት ያለ ቫልቭ መስመር የሚዘረጋ ሰው የለም።"

ሁለት ቦታ ቆፈሩ። አፈር ብቻ ነው ያገኙት። አዜብ ለኦቦ ተረፋ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ደግማ ደወለች። በአራተኛው ጊዜ ገባላት።

"ጉቴ ነን፣ ኦቦ ተረፋ! መስመሩ ተበጥሷል! መሀል ያለው ቫልቭ የት ነው?"

"ሰማያዊው ደብተር ላይ አለ" የሚል የራቀ ድምፅ መጣ። "ጉቴ ብዬ ጽፌዋለሁ። አንብቡት፣ ሁሉም..." መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላም አልገባም።

አዜብ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። አሜን ገጹን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

"ምን ይላል?"

"እኔስ መች ገባኝ" አለች አዜብ። ከመጨነቋ የተነሳ ጮክ ብላ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል እየቆጠረች ማንበብ ጀመረች። "ኦዳ፣ ኢራ፣ ገረ ገዲ፣ ተርካንፊ፣ ቶርባ..."

አሜን ወደ ጉድጓዱ እያየች ነበር። ድንገት ዞረች።

"እንደገና ይበሉት።"

"ኦዳ ኢራ ገረ ገዲ..."

"ፈጠን አድርገው! ሳይቆርጡ!"

"ኦዳ ኢራ ገረ ገዲ ተርካንፊ ቶርባ።"

አሜን እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ከዋርካው ወደ ታች ሰባት እርምጃ" አለች። "አዴ አዜብ፣ ይሄ አማርኛ አይደለም። ኦሮምኛ ነው! በእናንተ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነው!"

አዜብ ደብተሩን አየችው። አንድም ፊደል አልተለወጠም። "ጀላስ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሥር ማለት ነው። ከሥር።"

"ለመስ?"

"ሁለት!"

ኢቢሳ አካፋውን ተደግፎ ይሰማ ነበርና ከት ብሎ ሳቀ። "ያ የጠየቁኝ ሰውዬ!" አለ። አዜብም እዚያ ጭቃ መሀል ቆማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ቀጠሉ። አዜብ ታነባለች፣ አሜን ትፈታለች። "ደጋ ጉራቸ ጀላ" ስትል አሜን ትንሽ ተቸገረች፤ ደጋ ጥቁር ምን ማለት ነው? አዜብ ከፊደሉ አናት ላይ ስላለችው ሰረዝ ነገረቻት። አሜን ድምፁን ከምላሷ ሥር ጠበቅ አድርጋ ደጋግማ ሞከረችውና "ድንጋይ!" አለች። "ዸጋ ነው፣ ድንጋይ። ጥቁር ድንጋይ ሥር ነው ያለው።"

ግን ዋርካ የት አለ? መንገዱ ዳር ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶና የተከመረ ጠጠር እንጂ ዛፍ የለም። ከሚመለከተው ሕዝብ መሀል አንዲት በነጠላ የተከናነቡ አሮጊት ቀረብ አሉ፤ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ በቀለች ይባላሉ።

"ኦዳውን ነው የምትፈልጉት? ከቆረጡት ቆየ" አሉ። "እዚህ አይደለም የነበረው። ኑ፣ ላሳያችሁ።" ወደ ላይ ሃያ ሜትር ያህል ወስደዋቸው አንድ ቦታ ላይ በእግራቸው መሬቱን መቱ። "እዚህ። ጥላው ቤቴ ደጃፍ ይደርስ ነበር።"

አሜን ሰባት እርምጃ ልትቆጥር ጀመረችና ቆመች። "የማን እርምጃ ነው? የእኔ ከሆነ የትም አይደርስም።" ከእነሱ ውስጥ ለኦቦ ተረፋ ቁመት የሚቀርበው ኢቢሳ ነው። እሱ ተራመደ። ቆፈሩ። ክንድ ያህል እንደወረዱ ዶማው ድንጋይ ነካ፤ ሲጠርጉት ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆነ። ከሥሩ ሁለት ቫልቭ ተገኘ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

ኢቢሳ መፍቻውን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። "ሁለቱንም ልዝጋቸው?"

"ቆይ!" አለች አሜን። "አዴ አዜብ፣ ከዚያ ቀጥሎስ?"

"ጉዳ ጩፊ፣ ጢቃ ሂን ቱቂን።"

"ትልቁን ዝጋ፣ ትንሹን አትንካ" አለች አሜን። "ለምን አትንካ ይላል?"

አዜብ የሚቀጥለውን መስመር በልቧ አነበበችና ፈገግ አለች፤ ይህን ማንም ሳይፈታላት ተረዳችው። "ኩን ከን ክሊኒካቲ" ይላል። "የክሊኒኩ ነው!" አለች።

ትልቁ ተዘጋ። ከመንገዱ መሀል የሚዘለው ውሃ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ቆመ። የክሊኒኩ ውሃ ግን አልተቋረጠም። የተበጠሰውን ቧንቧ ቆርጠው አዲስ ቀጥለው ሲጨርሱ አሥር ሰዓት አልሞላም።

ሲመለሱ አሜን ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ገጾቹን ታገላብጥ ነበር። ቆይታ "ቤት ውስጥ የምናወራው ቋንቋ እኮ ነው" አለች። "ሁለት ቀን ከፊቴ አስቀምጬ አላወቅኩትም።"

በማግሥቱ ጠዋት አዜብ ቢሮዋን ስትከፍት ኦቦ ተረፋ በረንዳው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ስልኩ ከተቋረጠባቸው በኋላ እንቅልፍ ስላጡ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ይዘው መጥተዋል። ጫማቸው አቧራ ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሱም።

"ትንሿን ነካችኋት?"

"አልነካናትም። ትልቋን ብቻ ነው የዘጋነው።"

ትከሻቸው ሲወርድ አየች። "ተመስገን" አሉ፣ ወንበር ስባ ስትሰጣቸውም ተቀመጡ።

አዜብ አሜንን አስጠራቻት። ሦስቱ ጠረጴዛውን ከበቡ። አሜን ደብተሩን ከእጅ እጅ አቀያየረችው።

"ኦቦ ተረፋ፣ ለምን ኦሮምኛውን በፊደል ጻፉት?"

የጥያቄው እንግዳነት ገረማቸው። "በምን ልጻፈው ታዲያ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ? አባቴ የመዝሙር ደብተራቸውን እንዲህ ነበር የሚጽፉት። እኔ ስማር ሌላ ፊደል አልነበረም። አንቺ ኢንጂነር አይደለሽም? ታነቢዋለሽ ብዬ ነው የሰጠሁት።"

"እኔ ደግሞ..." አሜን ታብሌቱን ወደ እሳቸው ገፋች። "ፎርሙን በኦሮምኛ የሠራሁት ለእርስዎ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ሰው አግዞኝ በአማርኛ ነበር የሠራሁት። ኦቦ ተረፋ በአፋቸው ቋንቋ ቢሞሉ ይቀላቸዋል ብዬ አንድ ሳምንት ፈጅቼ ቀየርኩት። ለምን አይሞሉትም?"

ኦቦ ተረፋ ታብሌቱን አነሱት። ራቅ አድርገው ያዙት፣ ቀረብ አደረጉት። አዜብ ዓይናቸው የደከመ መስሏት መነጽሯን አወለቀችላቸው።

"ዓይኔ ደህና ነው" አሉ። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። "ይህን የላቲን ፊደል፣ ቁቤውን፣ አላነበውም። ሲመጣ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቧንቧ ላይ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ግድግዳ ላይ ያበሩታል፤ ወጣቶቹ እያዩ ይዘምራሉ፣ እኔ በቃሌ እዘምራለሁ። ማንም አውቆብኝ አያውቅም።"

አሜን ቀና ብላ አላየቻቸውም። "ያን ሰኞ በሰው ፊት የተናገርኩት..." አለች በኦሮምኛ፤ የቀረውን አዜብ አልተረዳችውም፣ እንዲተረጎምላትም አልጠየቀችም። ኦቦ ተረፋ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

አዜብ እስከ ማታ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ እዚያው ወሰነች። በየጠዋቱ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ሁለቱ አብረው ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ያነባሉ፣ አሜን በካርታው ላይ ታሰፍራለች። ፈቃዳቸውም ተመልሶ ይቆጠርላቸዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት አልተሳካም። ኦቦ ተረፋ አንድ ቫልቭ ሲጠቅሱ ያ ግቢ የማን እንደነበረ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር ማን ምሳ እንዳበላቸው፣ ልጁ የት እንደደረሰ ይተርካሉ። አሜን የምትፈልገው ቁጥር ነው። ዓርብ ዕለት አዜብ ዘንድ መጣች።

"በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ቫልቭ ብቻ! የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።"

"ጉቴ ላይ ያዳነን እኮ የዋርካ ወሬ ነው" አለቻት አዜብ። "ቦታ ጨምሪለት።"

አሜን እያጉረመረመች ሄደች፤ ግን በፎርሙ ላይ "ማስታወሻ" የሚል ሰፊ ሳጥን ጨመረች። ከጊዜ በኋላ ሳጥኑን ሳትጠየቅ መሙላት ጀመረች፤ እንዲያውም "ከዚያስ?" እያለች የምትጠይቀው እሷ ሆነች።

ስህተትም ተገኘ። በአራተኛው ደብተር አንድ መስመር ከመንገዱ በስተምሥራቅ ነው ይላል፤ የአሜን ካርታ ደግሞ በስተምዕራብ ያሳያል። ተከራከሩ፤ ሄደው ቆፈሩ፤ ምዕራብ ሆነ። ኦቦ ተረፋ ጉድጓዱን ረጅም ሰዓት አዩት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ተውሰው የራሳቸውን ጽሑፍ ሰረዙ፣ ከጎኑ ቀኑን ጽፈው ፈረሙበት።

አንድ ቀን ደግሞ አዜብ በመስኮት ስታይ ኦቦ ተረፋ ታብሌቱን እንደ ውሃ የሞላ ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው በግቢው ውስጥ ይመላለሳሉ። ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ። አሜን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

"ምን እያደረጉ ነው?" አለች አዜብ ወጥታ።

"ይህቺ ሰማያዊ ነጥብ እኔ ነኝ ትለኛለች" አሉ ኦቦ ተረፋ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "እውነት እንደሆነ እያጣራሁ ነው።"

ቁቤውንም ጀመሩ። አሜን በየቀኑ አምስት አምስት ቃል ትጽፍላቸዋለች። "አንዱን ፊደል ለምን ሁለቴ ትጽፉታላችሁ? ወረቀት ተረፋችሁ እንዴ?" እያሉ ይሟገቷታል። እሷም በተራዋ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት እንደሆኑ ትጠይቃቸዋለች፤ ወደ አዜብ ይልኳታል፤ አዜብም መልሳ ወደ እሳቸው ትልካታለች።

መጋቢት ላይ ጡረታቸው ደረሰ። ከዘጠኙ ደብተሮች ሰባቱ አልቀው ነበር። አዜብ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲመጡ የአንድ ዓመት ውል አዘጋጀችላቸው፤ ሁለቱን ቀን ብቻ ተቀበሉ፤ በቀረው ቢላ የልጃቸውን ግቢ አጥር እንደሚሠሩ ተናገሩ። የቀሩትን ሁለት ደብተሮች አሜን ብቻዋን ማንበብ ጀመረች። በጣቷ እየተከተለች፣ እያነበነበች፣ በቀን አንድ ገጽ ትጨርሳለች።

አንድ ረቡዕ አንዲት ቃል አስቸገረቻት። የሰርዶ መንገድ ከሚባለው ሠፈር ስላለ መስመር የሚናገር ገጽ ነው፤ ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ተበትኗል። ለአዜብ አሳየቻት፤ አዜብም አልቻለችም። አሜን ፎቶ አንስታ ለኦቦ ተረፋ ላከችላቸው። አንድ ሰዓት ያህል መልስ አልመጣም። ከዚያ ስልኳ ጠራ፤ አዜብም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ገልብጬም አየሁት፣ በመነጽርም አየሁት" አሉ ኦቦ ተረፋ። "የገዛ ጽሑፌ ነው፣ አላወቅሁትም። ነገ ዶማ ያዙልኝና እንሂድ፤ ምን እንዳለ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።"